ያልሞተው ባል ለቅሶ

ከኮምቦልቻ የወጣነው በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን፣ አገር እያየን ነው። ሌላው ስደቱን ሲያወራ ጨለማ ለብሼ፣ አጥር ዘልዬ ይላል። እኛ ጥቁር ለብሰን፣ ልጄ ሠናይት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ የሦስት ዓመት ልጇን ቤዛን አዝላ፣ በመናኸሪያው መካከል ቀጥ ብለን አለፍን። ዘዴው ቤት የቀረችው የባለቤቴ የበላይነሽ ነው። የሠናይት ባል መናኸሪያው በር ላይ የመኪና ዕቃ ይሸጣል፤ ሹፌሩም ረዳቱም ደንበኛው ነው። ያን ቀን ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ እንዲሁ ብትወጣ ግን አውቶቡሱ ሳይነሳ በስልክ ይነገረው ነበር። ለቅሶ የሚሄድን ሰው ግን በእኛ አገር ማንም አስቁሞ ወዴት ነህ አይልም። ረዳቱ እንዲያውም የፊቱን ወንበር ለቀቀልንና እግዜር ያጥናችሁ አለን። ሠናይት ያበጠ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ለቅሶው የእውነት ነበር።

ባሕር አልተሻገርንም፣ በረሃም አላቋረጥንም። ይህን የምታነቡ፣ እነ ጅዳንና እነ ቤይሩትን ያያችሁ ልጆች ትስቁብኝ ይሆናል። ነገር ግን ሰው ከቤቱ ተደብድቦ ሲወጣ ጣርማ በርም ባሕር ነው። ዋሻውን አልፈን ያ ብርድ ሲመታን፣ ከኋላችን ያለው አገር የተዘጋ መሰለኝ።

ወደ አዲስ አበባ ያመጣን ወሬ ነው። በአቃቂ ቃሊቲ ከባሏ ዱላ ለሸሸች ሴት የቤት ኪራይና ቀለብ ለጥቂት ወራት የሚሰጥ ድጋፍ አለ ተባልን። ከሠናይት በፊት ተረድታበት የቆመች አንዲት ጎረቤታችን ናት የነገረችን፤ ሐሰት አልነበረም። ሐሳቤ ልጄን ለዚያ ቢሮ አስረክቤ፣ ቤት አስገብቻት፣ ቶሎ ወደ ስፌት መኪናዬ መመለስ ነበር። ልብስ ሰፊ ነኝ። ለበዓል የተቆረጠ የሰው ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼ ነው የወጣሁት።

ቤት ያገኘነው ከማረሚያ ቤቱ ጀርባ፣ ወይዘሮ ዘውዴ ግቢ ውስጥ ነው። እስረኛ ልትጠይቁ ነው ወይ አሉኝ፤ ከክፍለ ሀገር መጥቶ እዚያ ሰፈር ቤት የሚፈልግ ሁሉ ዘመድ የታሰረበት ነውና። የለም አልኩ። ደብዳቢው ደጅ ሆኖ እኛ እስር ቤት አጠገብ መጣን ልላቸው ቃጥቶኝ ነበር፤ ዋጥኩት። ከዚያ ሕጉን ነገሩኝ። የኤሌክትሪክ ካውያ ክልክል፣ ምጣድ ክልክል፣ መብራት በሦስት ሰዓት ይጠፋል፣ ውኃ በጄሪካን ይከፈልበታል።

«ሕፃኗ ታለቅሳለች?»

«ሕፃን ናት እኮ።»

«እሱማ አያለሁ አባቴ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ግን እንዳታለቅስ።»

ቃሊቲን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ቀትር ላይ የጭነት መኪናው አቧራና ጭስ፣ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ የቆዳ ሽታ። እንጀራ በፌስታል ይገዛል፤ ሲነኩት ይበጣጠሳል። በእኛ አገር ሰው ሰላም ሲል ቆሞ የከብቱን፣ የልጁን፣ የጤናውን ጠይቆ ነው። እዚህ እየሄደ ሰላም ይልና መልሱን ሳይሰማ ታክሲ ይሳፈራል። እነዚህ ሰዎች ልብ የላቸውም ብዬ ፈርጄ ነበር። በማግስቱ ጠዋት በሬን ሲያንኳኩ አፈርኩ።

ወይዘሮ ዘውዴ ጥቁራችንን አይተዋል። ማን ሞተባችሁ ብለው አልጠየቁም፤ ሐዘንተኛ ይህን አይጠየቅም። ለጎረቤት ብቻ ነገሩ። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው፣ ዳቦ ይዘው፣ ሰሌን ዘርግተው ተቀመጡ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ዕድርተኛ ባትሆኑም ሰው ናችሁ ብለው እስከ ሰልስቱ ከጎኔ ተቀመጡ። አንዷ ለሠናይት፣ በልጅነትሽ ባልሽን ማጣትሽ፣ ብላ ደረቷን ስትመታ ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። አዎም አይደለምም አላልኩም። ሐሰት እንዳይናገሩ እየገሠጽኩ ልጆች ያሳደግሁ ሰው፣ በሕይወት ላለ፣ ምናልባትም በዚያች ሰዓት ክትፎ ለሚበላ ሰው ነፍስ ይማር ሲባል ዝም ብዬ ሰማሁ። ከሐዘናችሁ እስክትረጋጉ ብለው ወይዘሮ ዘውዴ የውኃውን ሒሳብ ተዉልን፤ ኪራዩንም ቀስ ብላችሁ አሉን።

ከዚያ ወደ ቢሮው መመላለስ ጀመርን። ኃላፊዋ አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ሥልጠና፣ ሌላ ቀን ግምገማ ላይ ናት። የሥልጠናው ርዕስ በበሩ ላይ ተለጥፏል፤ ስለ ሴቶች ጥቃት ነው፤ የሚሰጠውም ናዝሬት ሆቴል ውስጥ ነው። በመጨረሻ ስናገኛት ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ወንበር ሳበችልኝ።

«አባባ፣ ፕሮጀክቱ ፌዝ አውት ሆኗል።»

«ምን ማለት ነው?»

«አልቋል ማለት ነው። ገንዘቡ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ ሕጉ ሲቀየር ቀረ። አሁን ያለን የግንዛቤ ማስጨበጫ በጀት ብቻ ነው።»

«ምንድን ነው የምታስጨብጡት?»

«ሴትን መምታት ወንጀል መሆኑን።»

«ይህንንማ ልጄ ታውቃለች። ዓይኗን አታዪውም?»

አየችው። ተነሥታ ከቁም ሳጥን አንድ ባርኔጣና አንድ ካናቴራ አወጣች፤ «ጥቃትን በጋራ እንከላከል» ይላል። ሌላ የምሰጥዎ የለኝም አለችኝ። ካናቴራው የወንድ ልክ ነበር። ሽማግሌ ሞክራችኋል ወይ ብላ ደግሞ ጠየቀች። ሽማግሌዎቹ የሚያስታርቁት እሱ ቤት ጠላ እየጠጡ መሆኑን፣ እሷን ታገሺ እሱን ይብቃህ ብለው ቡራኬ ሰጥተው እንደሚበተኑ፣ በወሩ ዱላው እንደሚመለስ ነገርኳት። በዱላ በኩል ፌዝ አውት የሚባል ነገር የለም አልኳት። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ጥቁር ልብሳችንን ትክ ብላ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባሏ የሞተባት ብትሆን በሌላ በጀት አስገባት ነበር። የሚጠየቀው የዕድር ምስክር ነው።»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ፈተነኝ። ዕድሩ ሊመሰክር ዝግጁ ነው፣ ያውም ከልቡ። ድጋፉ ካልተገኘ ሠናይት የምትመለሰው ወደዚያው ቤት ነው፤ የእኔና የእናቷ ጎጆ ከሱ ሱቅ የአንድ ጥሪ ርቀት ላይ ናት፤ እዚያ ብደብቃት በፀጉሯ ጎትቶ ይወስዳታል፤ አድርጎታልም። ቤት ገብተን ነገሩን አነሳሁላት። ቤዛን እያበላች ነበር፤ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ የሞተ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም።»

«ነገ መጥቶ በሩን ቢገነጥለው ማን ነው ልበል? እኔ እንዲሞት አልፈልግም፤ እንዲጠየቅ ነው የምፈልገው።»

ይህን ብላ ወደ ግቢው ወጣች። ወይዘሮ ዘውዴና ሁለት ጎረቤቶች ልብስ ያጥባሉ። ባሌ አልሞተም፣ ደብድቦኝ ነው የሸሸሁት አለቻቸው። እጃቸው አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስነው ለማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ዘውዴ።

«ለኔ» አለች ሠናይት።

እንዲህ ያለ መልስ ልብ ይነካል ብላችሁ አትጠብቁ። አንደኛዋ ንፍሮዋ ያለ አገባቡ መበላቱን አሰበችና ተቀየመች። ሌላዋ፣ ባል ካለሽማ ቤት አለሽ ማለት ነው፣ ሽማግሌ ይግባ አለች። የዕድር ዳኛው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው አለፉ። ወይዘሮ ዘውዴ የውኃውን ሒሳብ መልሰው ጀመሩ፤ ኪራዩም በቀኑ ተጠየቀ። በጥፋታችን ልቆጣቸው አልችልም፤ አታለናቸዋል። ነገር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ባሏ ሲሞት ንፍሮ የሚቀቅል ሕዝብ ባሏ ሊገድላት ሲል ሽማግሌ ይልካል። መንግሥትም ያው ነው፤ ለቀብሩ በጀት አለው፣ ለሽሽቱ የለውም። አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁን ስትድሩ ቤታችሁን አትዝጉባት። የምትሮጥበት ደጅ ያላት ሴት ብቻ ናት የምትተርፈው፤ ሌላው ደጅ በአንድ ስብሰባ ሊዘጋ ይችላል።

የቀረው ድጋፍ እኔ ሆንኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ ብል መኪናህ የት አለ አሉኝ፤ አንድ መጋዘን በዘበኝነት ያዘኝ። ሌሊት እጠብቃለሁ፣ ቀን ቤዛን እይዛለሁ፤ ሠናይት ወፍጮ ቤት በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ ማታ እያስነጠሳት ትመጣለች። ክሱን ጀምራለች። ቀጠሮው ይገፋል፤ እኛም እንገፋለን።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ለበላይነሽ እደውላለሁ። ባለፈው ሽማግሌዎቹ በሯ ላይ ቆመው ነበር አለችኝ፤ ሙክት ይታረዳል፣ ጥፋቱ ይረሳል ብለዋታል። ደንበኞቼ ጨርቃቸውን ወስደው ለሌላ ሰፊ ሰጡ። መኪናዬን ዘይት እየቀባችው እንደሆነ፣ ማታ ማታ ግን ቤቱ እንደሚሰፋባት ነገረችኝ።

«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።

«እኔ ከመጣሁ እሷም ትመጣለች። ኪራዩን ብቻዋን አትችለውም።»

«ወደሱ?»

«ሌላ ወዴት?»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስሟን ጠራሁ።

«እንግዲያው አትምጣ» አለችኝ።

ከዚያ ዝናቡ ጥሎ እንደሆነ ጠየቅኋት። ጥሏል አለች።