ማርታ የጠበቀችው መርዶ

በሽታው በሆድ ቁርጠት ጀመረ። ሁልጊዜ ማለዳ ላይ ነበር። ልጄ ማርታ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሉፔ ሜክሲካዊት ናት፤ ለወንድሟ ዕፅ በመኪናዋ ስታደርስ ተይዛ ሦስት ዓመት ተፈረደባት። እኔ ግን ለልጄ፣ «አያትሽን ልታስታምም ሜክሲኮ ሄደች» አልኳት። ውሸት የምጠላ ሰው ነኝ። ይህን ግን ውሸት አላልኩትም፤ ልጅን መጠበቅ አልኩት።

ማርታ ማስመለስ ጀመረች። ከሳች። አልጋዋን አረጠበች። ተቆጣኋት፤ ዛሬ አፍርበታለሁ። በምንኖርበት በኦክላንድ ሆስፒታል ኤክስሬይ ተነሣች፣ ደሟ ተመረመረ። ምንም አልተገኘም።

አንድ ቅዳሜ የአገሬ ሰው ጋሽ ተሾመ ከሁለት ወዳጆቻችን ጋር፣ ሥራ ሳይገቡ በጠዋት ሊጠይቁን መጡ። በሩ ሲንኳኳ ማርታ ጮኸች።

«ዳዲ፣ አትክፈት! ኖ!»

ትንፋሽ አጠራት። ከንፈሯ ነጣ። ተሸክሜያት ሮጥኩ።

ሐኪም ቤት አንዲት የልጆች ሳይኮሎጂስት ለብቻዋ አነጋገረቻት። ስትወጣ፣ «ሆዷ ደህና ነው፤ ያመማት አንዛይቲ፣ ጭንቀት ነው» አለችኝ። «እናቴ ሞታለች ብላ ታምናለች። ሊነግሯት የሚመጡትን ሰዎች በየጠዋቱ ትጠብቃለች። ይህን ከየት አመጣችው?»

ከእኔ ነው ያመጣችው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለአንድ ጎረቤታችን የወንድሙን መርዶ በማለዳ ስንነግር፣ ከነጋሽ ተሾመ ጋር ማርታንም ይዣት ሄጄ ነበር። «ለምን ደበቃችሁት?» ብትለኝ፣ «ወግ ነው፤ ወዳጅ ተሰብስቦ እስኪነግረው ደህና ነው ይባላል» ብዬ በኩራት አስተማርኳት።

እውነቱን ነገርኳት። እናትሽ ታስራለች። በሕይወት አለች።

«ፕሮሚስ?»

«እሁድ ታያታለሽ።»

እሁድ እስር ቤት ማርታ እናቷ ጭን ላይ ወጥታ ጉንጯን ቆነጠጠቻት። ሉፔ «አመመኝ እኮ!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በባቡር ሳይኮሎጂስቷ ወደመከረችን፣ ሳን ሆዜ ወዳለ የልጆች ስብስብ እየወሰድኳት፣ ወላጆቻቸው ከታሰሩባቸውና አብዛኞቹ እንደ እናቷ ስፓኒሽ ከሚናገሩ ልጆች ጋር እየሣለችና እየተጫወተች፣ መጀመሪያ ማስመለሱ ተዋት፣ ከወራት በኋላም አልጋው ደረቀ። ቁርጠቱ አልፎ አልፎ ይመለሳል፤ አሁን ግን ምን እንደሆነ እናውቀዋለን።

ያችን ሐኪም እግዚአብሔር ይስጣት። አንተም የልጅህ እናት ታስራ ከሆነ ንገረው። አንተ የሸሸግከውን ነገር ልጁ በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም ከእውነቱ በከፋ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማርታ ራሷ ሄዳ ከፈተች።

«ጋሽ ተሾመ፣ መርዶ ነው?»

«ኧረ ቁርስ ፍለጋ ነው፣ የኔ እመቤት!»

«ኦኬ፣ ግቡ» አለቻቸው።