እትዬ መቀስ ለአይጥ እጅ አይሰጡም

አክስቴ በሕይወቷ ከሁለት ነገሮች ጋር ታርቃ አታውቅም፤ ከደነዘ መቀስና «አሁንስ አረጀሽ» ከሚላት ሰው ጋር። ዘንድሮ አይጥ ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ።

የሰፈሩ ሰው «እትዬ መቀስ» ይላታል። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ይሁን በምላሷ እስካሁን አልተወሰነም። ልብስ ሰፊ ናት፤ በተለይ የተማሪ ዩኒፎርም። እኔን ከእሷ የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። የስፌት መኪናዋ ሲቆም ነው የምደነግጠው እንጂ ሲሠራ አይሰማኝም። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ልጇን ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ሱፍ አልብሳ የዳረችው መስኮቱ ሥር በተቀመጠው በዚያ መኪና ነው።

አይጦቹ የገቡት ከዝናቡ ጋር ነው። መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ይሯሯጡ ነበር፤ አክስቴም «ይሩጡ፤ ላቡ የእነሱ ነው» ብላ ተወቻቸው። አንድ ቀን ጠዋት ግን የአንዲት ተማሪ አዲስ ጉርድ ቀሚስ ጫፉ ተበልቶ አገኘችው። ጠባይዋን ስለማውቅ ሰፈሩን በጩኸት ታቀልጠዋለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ቀሚሱን አጥፋ አስቀመጠችና «በምግቤ ቢመጡብኝ እታገሥ ነበር። በሥራዬ መጡብኝ» አለች።

ነገሩን ያከበደው አይጡ ሳይሆን ወሬው ልጇ ጆሮ መግባቱ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግ ነው፤ ችግሩ ደግነቱ ሰው አያስተነፍስም። መጣና ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ኮርኒሱን በዐይኑ ዞረው።

«እማዬ፣ በቃ። ይሄ ቤት አርጅቷል። እሑድ ፒካፕ ይዤ እመጣለሁ፤ ከእንግዲህ እኛ ጋ ነው የምትኖሪው።»

«የስፌት መኪናዬስ?»

«ፎቅ ላይ ምን ያደርግልሻል? ከታች ያሉት ሰዎች ድምፅ አይወዱም። ለሚፈልግ እንሰጠዋለን። አንቺ አሁን ማረፍ ነው ያለብሽ።»

ደሜ ፈላ። ከዚህች ሴት እጅ የስፌት መኪና ወስደህ ምን ልታስታቅፋት ነው? ሪሞት? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ አክስቴ በዐይኗ ገታችኝ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«እሑድ ስትመጣ የእኔ የሆነ አንድ አይጥ እዚህ ቤት ካገኘህ እሄዳለሁ። ካላገኘህ ግን ከዚህ ወይ ፍንክች!»

ጦርነቱ በማግስቱ ተጀመረ። ወጥመድ ገዛች፤ አይጦቹ ዳቦውን በልተው ወጥመዱን ባዶውን ተዉላት። «መርዝ ላምጣልሽ?» ስላት «ከልጆች ልብስ ጋር መርዝ አላስቀምጥም» ብላ ተቆጣች። ከባለሱቁ ድመት ተዋሰች። ጓዳው ውስጥ ልጇ አዲስ ሶፋ ሲገዛ «ለጊዜው እዚህ ይቀመጥልኝ» ብሎ ያራገፈው አሮጌ ሶፋ አለ። ድመቷ ሄዳ እሱ ፊት ለፊት ቁጭ አለችና አልነቃነቅም አለች። አክስቴም «ሶፋ አምሯት ነው እንዴ? እኔ ሥራ ፈት አልቀጠርኩም!» ብላ አባረረቻት። ያቺን ድመት ይቅርታ ልንጠይቃት ይገባን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው። የግድግዳውን ሽንቁሮች በሙሉ በቁርጥራጭ ጨርቅ ደፈነቻቸው፤ ሰማያዊውንም ግራጫውንም በመቀሱ እጀታ እየጠቀጠቀች። በማግስቱ ሽንቁሮቹ አፋቸውን ከፍተው ጠበቁን፤ ጨርቁ የለም። ደግማ ደፈነች። እሱም ጠፋ።

«አክስቴ፣ ሲሚንቶ ነው እኮ የሚያስፈልገው።»

«ዝም በይ አንቺ! ጨርቁ ስስ ሆኖ ነው።»

ወፍራም ካኪ ቆረጠች። ካኪውም የት እንደገባ ሳናውቅ ቀረ።

ቅዳሜ ከሰዓት የስፌት መኪናዋን ዘይት ቀባችው፤ ወለወለችው፤ ክዳኑን ደፋችበት። «የሚወስደው ሰው ቆሽሾ እንዳያገኘው» አለች፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። ያቺን ሴት እጅ ስትሰጥ ማየት አልፈልግም ነበር፤ ወጥቼ እንዳልሄድ ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ።

ከዚያ መጥረጊያ አንሥታ ጓዳውን ስትጠርግ ከሶፋው ሥር የወጣ ሰማያዊ ክር መጥረጊያው ላይ ተጠመጠመ። ሳበችው። ክሩ እየተመዘዘ መጥቶ መጨረሻ ላይ የታኘከ ሰማያዊ ጨርቅ አስከተለ። አክስቴ ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፤ ሶፋውን አየችው፤ ከዚያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሶፋውን ላነሣ ብታገል አልቻልኩም።

«ተዪው» አለችኝ። «ነገ ጉልበተኛው ከነፒካፑ ይመጣል።»

እሑድ ጠዋት ልጇ ሹፌር አስከትሎ ሲገባ የስፌት መኪናዋ ክዳኑን አውልቆ ይሠራ ነበር።

«እማዬ! ዕቃሽን አልሸከፍሽም እንዴ?»

«የሚሄደው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ጓዳ ግባ።»

ሶፋውን አሳየችው። ልጁ ሳቅ አለ። «ይሄማ የእኔው ነው። ቤታችን ቦታ ስለሌለ አይደል እዚህ...» ብሎ አፉን ያዘ።

«አዎ፣ ያንተው ነው። ገልብጠው።»

ከሹፌሩ ጋር ገለበጡት። አክስቴ ትልቁን መቀስ አነሣችና የሥሩን ሸራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው። የጠፋው ጨርቃችን ሁሉ እዚያ ነበር፤ ሰማያዊው፣ ግራጫው፣ ካኪው፣ ተፈልፍሎ፣ ለስልሶ፣ ተነጥፎ። መሐሉ ላይ ጸጉር ያላወጡ የአይጥ ልጆች ተኮልኩለዋል። እናት አይጧ የአክስቴን ልጅ ጫማ ረግጣ እብስ ስትል ያ ደልዳላ ሰውዬ ወንበር ላይ ወጣ። ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይንፈቀፈቅ ጀመር።

«የእኔ የሆነ አይጥ ካገኘህ ነበር ያልኩት» አለች አክስቴ። «እነዚህ ያንተ ናቸው። አሳድሬ፣ አልብሼ አቆይቼልሃለሁ። ተረከብ።»

ልጇ ከወንበሩ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። «እማዬ፣ ብቻሽን መሆንሽ ያስፈራኛል እኮ» አለ፤ ከልቡ ነበር።

«ፍራ፤ ልጄ ነህና ትፈራለህ። ሲያስፈራህ መጥተህ እየኝ። ግን ነቅለህ አትውሰደኝ!» ይህን ብላ መቀሱን የስፌት መኪናዋ ላይ አስቀመጠችው።

እሷን ሊወስድ የመጣው ፒካፕ ሶፋውን ጭኖ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሄደ። ልጁ ቀረ። ሲሚንቶና የድስት መፈተጊያ ሽቦ ገዝቶ መጣና ተንበርክኮ እያንዳንዱን ሽንቁር መጀመሪያ በሽቦ፣ ከዚያ በሲሚንቶ ይደፍን ገባ። ያመለጠችው እናት በየት እንደወጣች እንጃ፤ ተመልሳ የምትገባበት ግን አላስቀረላትም። የመጨረሻው ሽንቁር ላይ የሱፍ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጧ ብሎ ተቀደደ።

«አውልቅ» አለችው።

«ሰው ፊት?»

«አውልቅ አልኩህ! እሷ እኅትህ ናት፤ ፊቷን ታዞራለች።»

ፊቴን አዞርኩ። ፎጣ አገልድሞ ደንበኞቿ የሚቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። አክስቴ ሱሪውን መርፌው ሥር አስገብታ መርገጫው ላይ እግሯን ጣለች፤ ቤቱ በመኪናው ድምፅ ተሞላ። ለአፍታ ገታ አደረገችው።

«ድምፁ ይረብሽሃል?»

«አይረብሸኝም፣ እማዬ» አለ። «ስፊ።»