የአዝራሩ ፖስታ

በመሥሪያ ቤቷ ማህተም ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አሁን ጡረታ የወጣ የበር ጠባቂ ነው፤ «ይቺ ልጅ አለ ካለች አለ፣ የለም ካለች የለም፤ ከዚያ ወዲያ መፈለግ ድካም ነው» ብሎ። እውነቱን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመዝገብ አያያዝ ተምራ ከወጣች በኋላ፣ ምድር ቤት ባለው መዝገብ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ፋይል አልጠፋባትም። የጎደለ ቢኖር አንዱ ኃላፊ ወስዶ ያልመለሰው ነው፤ ያንንም ማን፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደው ጽፋ ይዛዋለች።

ቤትም ያችው ናት። የእናቷ መድኃኒት የሚቀመጠው በሚቆለፍ ትንሽ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁልፉ አንገቷ ላይ ውሎ አንገቷ ላይ ያድራል። ከፋርማሲ የመጣውን ኪኒን በወረቀት ፖስታው አታቆየውም። የፋርማሲስት ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ይመስላል ትላለች። ኪኒኑን ወደ ብልቃጥ ትገለብጣለች፤ ብልቃጡ ላይ በራሷ እጅ፣ ፊደሉ በክር የተለካ በሚመስል ጽሑፍ፣ «የደም ግፊት፤ ጠዋት አንድ» የሚል ተለጥፏል። ባዶውን ፖስታ ትጥለዋለች። ለአንድ ጉዳይ ሁለት ወረቀት ካለ ጠብ ይወለዳል፤ ይህ የመዝገብ ቤት ሕጓ ነው።

በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት አንዷን ፍሬ በትንሽ ሳህን ላይ አስቀምጣ ቁም ሣጥኑን ትቆልፋለች። እናቷ ቁርሷን በልታ ትውጣታለች። ቁርሱን የምታቀርበው ልብስ ሰፊዋ፣ አብራቸው የምትኖረው የማህተም ሟች ወንድም ሚስት ናት።

ወንድሟ ከሞተ አሥራ አንድ ወሩ ነው። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሚስቲቱን ከቦ በቀኝም በግራም ደግፎ አስለቀሳት። አራት ዓመት አብራው የኖረች ሚስት በሰው ክንድ ላይ ስትወድቅ፣ አርባ ዓመት አብራው የኖረች እህቱ አጠገቧ ቆማ ነበር። ወደ እሷ የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠጋ ብሎ፣ «የሞት ማስረጃ ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው አይደል?» አላት። ከእሷ ጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅናቱ እንደ ጥርስ ሕመም ሆነባት፤ ቀን ሥራ ያስረሳዋል፣ ማታ ቤት ስትገባ ይጀምራል። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር አቁማ ከእናቷ ጋር ስትስቅ ከበር ትሰማለች፤ ስትገባ ሳቁ ይቆማል። ልጅቱ የማህተምን እናት «እማዬ» ትላታለች። እናቷም «አቤት የኔ ልጅ» ትላለች። ማህተምን ራሷን ስትጠራ ግን «አንቺ፣ መጣሽ እንዴ?» ነው።

ያ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ የባሰ ሆነ። እናቷ ከትራሷ ሥር የሟቹን የእጅ ሰዓት አውጥታ ልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ አሰረችላት። ማህተም ጫማዋን እያሰረች ነበር። ያንን ሰዓት በመጀመሪያ ደሞዟ የገዛችለት እሷ ናት። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ለእኔ ትሰጠኛለች ብላ ጠብቃለች፤ ስጪኝ ማለት ግን አልሆነላትም። ሰዓቱ ከልጅቱ ቀጭን ክንድ ላይ እስከ ክርኗ ተንሸራተተ።

«ሰፋኝ እማዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ትወፍሪበታለሽ» አለች እናቷ።

ማህተም የጫማዋን ማሰሪያ በጠሰችው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የወሩን መድኃኒት ልትወስድ ፋርማሲ ሄደች። አጠገቧ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ቆሟል። ፋርማሲስቱ የሁለቱንም ኪኒን ቆጥሮ፣ በሁለት ፖስታ ከትቶ፣ ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አኖረ። ስልክ እያነጋገረ አንዱን ወደ ሽማግሌው፣ አንዱን ወደ እሷ ገፋ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፖስታውን እዚያው ታነባለች፤ ከፍታ ታያለች፤ ትጠይቃለች፤ ፋርማሲስቱ ሲያያት ከወንበሩ የሚነሳውም ለዚህ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያይ ነበር፤ ሐሳቧም ሌላኛው ሰዓት ላይ ነበር። ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው። ቤት ገብታ ሳታነበው ብልቃጡ ውስጥ ገለበጠችው፣ ወረቀቱንም ጣለች።

ከረቡዕ ጀምሮ እናቷ ታመመች። ጠዋት ደህና ትነሳለች፤ ረፋዱ ላይ ይንቀጠቀጣታል፣ በላብ ትጠመቃለች፣ ምን እንደምትናገር አታውቅም። ልብስ ሰፊዋ ስኳር የበዛበት ሻይ ታጠጣታለች፤ ትመለሳለች። ማታ ማህተም ስትመጣ እናቷ ትነግራታለች።

«ዛሬም ከዚች ልጅ እጅ ጠጥቼ ነው ነፍሴ መለስ ያለችው።»

«ጠዋት ምን ሆነሽ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ያንቺን ኪኒን ስውጥ ይጀምረኛል።»

ማህተም የሰማችው ሕመሙን አይደለም። የሰማችው ያንቺ እጅ ያመኛል፣ የእሷ እጅ ያድነኛል የሚለውን ነው። ዓርብ ማታ ከመዝገብ ቤት ያመጣችው ሥራ እንዳለ ሁሉ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች።

ቅዳሜ ማታ ልብስ ሰፊዋ ወደ ማህተም ክፍል ገባች።

«እትዬ፣ የእማዬ ኪኒን መልኩ አልተለወጠም?»

«ምን ማለት ነው?»

«የድሮው ልሙጥ ነበር። የአሁኑ መሃሉ ላይ መስመር አለው። በጣቴ ሳነሳው ነው የታወቀኝ።»

«ብልቃጡ ላይ ምን ይላል?»

«የደም ግፊት ይላል።»

«ማን ጻፈው?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው አንቺ አዝራርሽን ቁጠሪ፤ ይሄን ለእኔ ተዪው።»

ልጅቱ ወጣች። እሁድ ማህተም በማለዳ ተነስታ ኪኒኑን አስቀምጣ ወደ መቃብሩ ሄደች። ሚስቲቱ ሳትቀድማት ለመድረስ ነው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ናት። ስትመለስ እናቷ ተኝታለች፤ ልብስ ሰፊዋ የሻይ ብርጭቆ ታጥባለች።

ሰኞ ቀትር ላይ ማህተም ምሳ ልትበላ ብቅ አለች። እናቷ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ጨርቅ ታጣጥፋለች። አላላባትም፣ አልተንቀጠቀጠችም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ግን ኪኒኑን እንደያዘ ነው።

«ይሄ ለምን አልተዋጠም?» አለች።

«እኔ ነኝ የከለከልኳት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ወደ ጓዳ ነይ እስቲ፣ እትዬ።»

«ማን ፈቀደልሽ? ሰዓቱን ወሰድሽ፣ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን…»

«ነይ ብቻ።»

ጓዳ ገቡ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት ሣጥኗ አንዲት የተጨማደደች ፖስታ አወጣች። አዝራሮቿን በመልክ በመልክ ለይታ የምታስቀምጠው ማህተም በምትጥላቸው የመድኃኒት ፖስታዎች ነበር፤ ጠንካራ ወረቀት ስለሆኑ። ሰማያዊዎቹን አዝራሮች መዳፏ ላይ አራግፋ ፖስታዋን ሰጠቻት።

«ዛሬ ጠዋት አዝራር ስፈልግ ነው ያየሁት።»

ማህተም አነበበች። የማታውቀው የወንድ ስም ነው። ከሥሩ፣ በዚያ በዶሮ ጭረት፣ «የስኳር፤ ጠዋት አንድ» ይላል። ጭረት ቢሆንም ይነበባል። ሁልጊዜም ይነበብ ነበር።

ስኳር የሌለባትን ሴት አምስት ቀን የስኳር መድኃኒት አስውጣታለች፤ ያውም በራሷ ቆንጆ ጽሑፍ መስክራ። የፋርማሲው ስህተት አንድ ነበር። እሷ ግን ስሙን ቀይራ መዝገብ አደረገችው።

«ለእማዬ አልነገርኳትም» አለች ልጅቱ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሆድሽን እንዳያምሽ ዛሬ ይቅርብሽ ብቻ አልኳት።»

ለአፍታ ያህል ማህተም ፖስታዋን በጣቶቿ መሃል ጨበጠቻት። ብትቀድዳት ነገሩ እዚሁ ይቀራል፤ እናቷ አታውቅም፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ይቆያል። ልጅቱም አትናገርባትም፤ ይህን ደግሞ ፊቷ ላይ አየችው። ከሁሉ የመረራት እሱ ነው። ዝም በማለቷ እንኳ በለጠችኝ፣ አለች በልቧ።

«እማዬን አልብሻት» አለች። «ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»

ብልቃጡን፣ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ፍሬና ፖስታዋን በአንድ ላስቲክ ከረጢት ቋጥራ ያዘች። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ የእናቲቱን ጣት ወግታ ስኳሯን ለካች።

«ስንት ወስደዋል?»

«ሠላሳ ነበር» አለች ማህተም። «ብልቃጡ ውስጥ ሃያ አራት አለ፣ ሳህኑ ላይ አንድ። አምስት ወስዳለች።»

«የሚያማቸው በስንት ሰዓት ነበር?»

ማህተም ይህን አታውቀውም።

«አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትውጣለች» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ረቡዕ አራት ሰዓት ከሩብ፣ ሐሙስ አራት፣ ዓርብ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ። ቅዳሜና እሁድም በአራት አካባቢ። ሰዓቱን እያየሁ ነበር።» እጇን ከፍ ስታደርግ የሟቹ ሰዓት ወደ ክርኗ ተንሸራተተ።

«ሻዩን አጠጥተሽ ባትደርሺላቸው ዛሬ ሌላ ነገር እናወራ ነበር» አለች ሐኪሟ። «እስከ ማታ እዚሁ ይቆዩና እናያቸዋለን። ግፊታቸውም ያለ መድኃኒት ከርሟል። እናንተ ግን ፖስታውንም ኪኒኑንም ሳትጥሉ አሁኑኑ ፋርማሲው ሂዱ። የሰውዬው መድኃኒት እናንተ ጋ ከሆነ፣ የእናንተ እሱ ጋ ነው።»

ማህተም ይህን አላሰበችውም ነበር። ከዘራ የያዘው ሽማግሌ ትዝ አላት።

ፋርማሲስቱ ፖስታዋን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተከራከረም። መዝገቡን ገልጦ ስልክ ቁጥር ፈልጎ ደወለ። የሽማግሌው ልጅ ናት ያነሳችው፤ አባቷ ከሐሙስ ጀምሮ ውኃ ጠጥቶ የማይረካ፣ ከአልጋም የማይነሳ ሆኗል፤ ሙቀቱ ነው ብለው ነበር። ፋርማሲስቱ ኪኒኑን መስጠት አቁመው አባቷን ይዘው አሁኑኑ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነገራት፤ ሁለት ጊዜ ደገመላት።

«ይቅርታ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ይጻፍ» አለች ማህተም።

የስህተት መመዝገቢያ ቅጽ አወጣላት። ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ዓይነት፣ የተወሰደውን ፍሬ ብዛት ሞላች። ፊደሏ እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ «ስህተቱን ያገኘው ሰው» የሚል መስመር መጣ። ብዕሯ ቆመ።

«እርስዎ ነዎት ያገኙት?» አላት ፋርማሲስቱ።

ከኋላዋ ልብስ ሰፊዋ ቀደም ብላ፣ «አዎ፣ እትዬ ናት» አለች። «መድኃኒቱን የምትይዘው እሷ ናት።»

ማህተም ዞር ብላ አየቻት። እናቷን ወሰደች፣ ለቅሶውን ወሰደች፣ ሰዓቱን ወሰደች፤ አሁን ደግሞ ከተረፋት ላይ ቆርሳ ትሰጣታለች? ይህቺን እንኳ በምጽዋት አልቀበልም አለች በልቧ። ወደ ወረቀቱ ተመልሳ የልጅቱን ስም ከነአባቷ ጻፈች። ዝምድና በሚለው ላይ «ልጅ» ብላ ጀምራ፣ ትንሽ አሰበችና እንዳለ ተወችው። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት እንዲህ ብላ ጨመረች፦ «መድኃኒቱን የተረከብኩት እኔ ፖስታውን ሳላነብ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ ጥዬዋለሁ።» ፈረመችበት። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር በሃያ ሁለት ዓመት አልጻፈችም።

ማታ እናቷን ይዘው ገቡ። ማህተም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ስለ ሰዓቱም ስለ ጫማ ማሰሪያዋም ሳይቀር። እናቷ ወደ እሷ ዞረች።

«ሰዓቱን ፈልገሽው ነበር?»

«እኔ ነበርኩ የገዛሁለት።»

«አንቺ መቼ ትናገሪያለሽ» አለች እናቷ። «አንቺን ለማወቅ ፋይል ማስወጣት ያስፈልጋል።»

ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ አጠገብ ሆና ሳቋን ዋጠች። ከዚያ ሰዓቱን ፈታ ጠረጴዛው ላይ፣ ማህተም ፊት አኖረችው።

ማህተም አነሳችው። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። መስታወቱን በቀሚሷ ጫፍ ወለወለች። ያምራታል፤ አሁንም ያምራታል፤ ውሸት መናገር አያስፈልግም። ግን ረቡዕ አራት ሰዓት ከሩብ እሷ ምድር ቤት ነበረች፣ ሰዓቱ እዚህ ነበር። ከቦርሳዋ ፋይል የምትበሳበትን ወስፌ አወጣች።

«እጅሽን አምጪ» አለቻት።

ማሰሪያውን በቀጭኑ ክንድ ላይ ለካች፤ ምልክት አደረገች፤ ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ አዲስ ቀዳዳ በሳች። አሰረችላት።

«ጠበቀሽ?»

«ልክ ነው።»

«ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን የምትሰጫት አንቺ ነሽ። ከነፖስታው።» የአንገቷን ቁልፍ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ እጇን ግን ወዲያው ከላዩ አላነሳችም። «በስንት ሰዓት እንደሰጠሻት ጻፊ። ማታ አየዋለሁ።»