አስራ ስምንት ነጥብ ሰባ አምስት

የዚያን ቀን የሠራሁት ቂልነት ይህ ነው፦ የአንድ ቀዳዳ ስፋት ሳሰላ አንደኛውን ጎን ረሳሁት።

በሰማንያዎቹ መሃል ንፋስ ስልክ ውስጥ ከጓደኛዬ ጋር ጋራዥ ነበረን፤ እኔ ብረት መቅረጫው ቶርኖ ላይ፣ እሱ መኪና ሥር። አንድ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ከአክስሉ አልላቀቅ ቢለው መጎተቻ ሥራልኝ አለኝ። ወፍራም ብረት፣ መሃሉ ላይ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የሚገባ ሃያ ሚሊ ብሎን፤ ብረቱ ኩሽኔታውን ይይዛል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ የአክስሉን ጫፍ ይገፋል፤ ሌላ ነገር የለውም።

ቀዳዳው መጀመሪያ ከብሎኑ ጠበብ ብሎ ይበሳል፤ ጥርሱ የሚቀረጸው በተረፈው ብረት ላይ ነው። ከሃያው ላይ የጥርሱን ጥልቀት፣ አንድ ነጥብ ሃያ አምስት፣ ከግራም ከቀኝም ትቀንሳለህ፤ አስራ ሰባት ተኩል። እኔ ሊቁ ከግራ ብቻ ቀንሼ አስራ ስምንት ነጥብ ሰባ አምስት ስል በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። ጥርስ ማውጫው ያለ ትግል ሰተት ብሎ ሲገባልኝ እንኳ አልነቃሁም። «ክንዴ ገና ነው» ብዬ ፎከርኩ።

ጓደኛዬ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሞፈር ተሸክሞ ያደገ ትከሻ አለው። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ብሎኑን እስኪንቋቋ አጠበቀው፤ ከዚያ አናቱን በመዶሻ ይወግረው ገባ። በሦስተኛው ምት ብረቱ ላይ ያወጣሁት ስስ ጥርስ ተላጠ። ብሎኑ ተወርውሮ ጉንጩን ሰነጠቀው፤ ደሙ የመኪናው ፓራፋንጎ ላይ ተረጨ።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለ ጉንጩን በመዳፉ ደፍኖ።

«ብሎኑ ይሆናላ» አልኩ።

ብሎኑን የሸጠልን ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው ቀጭን ሰው ነው። ጓደኛዬ ብሎኑን ጨብጦ ተሻገረ። ስደርስ አንገቱን አንቆ ከመደርደሪያው ጋር ያላትመዋል፤ ዳዶና ብሎን ከላያቸው ይረግፋል።

«ቆርቆሮ ሸጠህ ልትገድለኝ ነው?»

«ወንድሜ፣ እስቲ እየው፤ የብሎኑ ጥርስ አልተነካም እኮ።»

እውነቱን ነበር። አንድ ቃል ከእኔ ቢወጣ ሰውየው ይድን ነበር። ጥፊው ጮኸ፤ የሰውየው ከንፈር ፈነዳ። ልገላግል ብዬ ከኋላ ስይዘው የጓደኛዬ ክርን አፍንጫዬን አገኘው። አፍንጫዬ በትልቅነቱ አመቺ ዒላማ ነው፣ አልፈርድበትም።

ጋራዥ ስንመለስ ብረቱን አንስቶ የተላጠውን ጥርስ በጣቱ ዳሰሰ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አነበበ።

«ሌላኛውን ጎንስ ማን ይቀንስልህ?»

አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ አጮለኝ። እሱ አንዱንም ጎን አልረሳም።

«እኔ የመታሁት ባንተ ቃል ነው» አለ። «ይቅርታውን የምትጠይቀው አንተ ነህ።»

«ነገ» አልኩት።

ሰውየው ዛሬ ጀሞ ትልቅ ሱቅ አለው። ታክሲው በዚያ ሲያልፍ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አስራለሁ። ጫማዬ ክር የለውም።

አንድ ይቅርታ አለብኝ።