ሳይታመሙ ባንኮክ

ልጄ ኮምቦልቻ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የመስፊያ ክፍል ተቆጣጣሪ ናት። ፋብሪካው አዲስ ማሽን ሊያስመጣ ሲሆን አሠራሩን ተምራ እንድትመጣ ወደ ባንኮክ ሊልካት ወሰነ። የዚያን ቀን ደወለችልኝ።

"እማ፣ አብረን እንሂድ። እኔ ስማር አንቺ ታርፊያለሽ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ ሦስት ቀን አለን፣ ከተማውን እናያለን። ትኬትሽ በእኔ ነው።"

"እኔ እዚያ ምን ልሠራ?" አልኳት።

"ምንም። ልታዪ።"

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ። ለለቅሶ ሐይቅ፣ ለሰርግ ከሚሴ፣ አራስ ለመጠየቅ ወልዲያ። አንድ ዘመዴ ታሞ አዲስ አበባም ደርሻለሁ፤ ያየሁት የሆስፒታሉን ግቢ ነው። ግቢው ጥሩ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ። ለማየት ብቻ ብዬ የተነሳሁበት መንገድ ግን አንድም የለም። አሁን መሄድ ፈለግሁ። መፈለጌ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ግን ፈለግሁ።

ልጄ ቅዳሜ ደሴ መጣችና ያሰበችውን ነገረችኝ። በመጀመሪያው ቀን በወንዙ ላይ በጀልባ እንሄዳለን። በሁለተኛው አንድ ረጅም ፎቅ ላይ ወጥተን ወለሉ መስታወት የሆነ ቦታ ላይ ቆመን ቁልቁል እናያለን። በሦስተኛው ዓሣ የሚታይበት ቤት እንገባለን። መስጊድ ከሆቴሉ ቅርብ አግኝታለች፣ ሐላል ምግብ ቤትም።

"ዓሣ እንኳ ሐይቅም አለ" አልኳት።

"እማ፣ ሐይቅ ላይ ዓሣው ከጭንቅላትሽ በላይ አይዋኝም።"

"መስታወቱ ላይ ስንቆም ከሥር ሰው አለ?"

"ፎቁ ደመና ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ማን ሊያይሽ?"

"ቢሆንም ሱሪ እለብሳለሁ።"

በሰፈራችን መስጊድ የሚያስተምሩትን ሼህ ጠየቅኋቸው። "ሶላትሽን ከጠበቅሽ፣ ልጅሽ አብራሽ ካለች፣ ታላቅ ወንድምሽም ከፈቀዱ ሂጂ" አሉኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የበላዬ ታላቅ ወንድሜ ናቸው። የሚኖሩት ወረባቦ ገጠር ውስጥ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ለገበያ ሲመጡ ልነግራቸው አሰብኩ።

ከእሳቸው በፊት ግን ጎረቤቴ ሰማች። ጉርድ ፎቶ ተነስቼ፣ ፎቶውን በእጄ ይዤ ስመለስ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መታጠፊያው ላይ አገኘችኝ።

"ለምንድነው የተነሳሽው?"

"ለቪዛ።"

"የት አገር?"

"ባንኮክ።"

የያዘችውን ሽንኩርት መሬት አስቀመጠች። "ምንሽን ነው?" አለችኝ።

"ምኔንም አይደለም።"

"ስንት ዘመን አጥር ተጋርተን እኔን ትደብቂኛለሽ?"

"ወላሂ አፊያ ነኝ። ከተማውን ለማየት ነው።"

"እሺ እህቴ። ካላልሽ አላልሽም" አለችና ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

አልፈርድባትም። ከሰፈራችን ባንኮክ የሄደ ሰው ሁሉ የሄደው ታሞ ነው። አንዱ ነጋዴ ለኩላሊቱ፣ አንዷ ለልቧ። ባንኮክ እኛ ዘንድ ከተማ አይደለም። የአዲስ አበባ ሐኪም አልቻልኩም ሲል የሚኬድበት ሌላ ሆስፒታል ነው።

በማግስቱ ብርቱካን መምጣት ጀመረ። ሴቶቹ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ "አብሽሪ፣ አይዞሽ" ይሉኛል። አልታመምኩም ስል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከፊቴ ቁጭ ብለው ስለ እኔ ያወራሉ።

"ፊቷ ግን ቀልቷል።"

"እሱ እኮ ነው። መድኃኒቱ ነው የሚያቀላው።"

"ምግብስ ይበላላታል?"

"ትናንት አንድ እንጀራ ጨርሳለች።"

"ውይ! መጨረሻው ሲደርስ እንደዚያ ያስርባል።"

ጎረቤቴ ከደብሯ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ አመጣችልኝ። "ባትጠጪው ታጠቢበት። እመቤቴ እስላም ክርስቲያን አትልም" አለችኝ። ለመልካም ያመጣችውን እንዴት እመልሳለሁ? አመስግኜ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ለሌለብኝ በሽታ ያን ሁሉ ዱዓ መቀበል ከብዶኝ ነበር። በኋላ ግን ዱዓ ለማንም አይበዛም ብዬ ተውኩት። ለሁሉም አሚን እል ጀመር።

ሐሙስ ዕለት ከቤታችን በር ላይ ባጃጅ ቆመ። መጀመሪያ አንድ ሙክት ወረደ። ቀጥሎ ወንድሜ ወረዱ። ወሬው ወረባቦ ደርሷል።

"ለምን እኔ መጨረሻ እሰማለሁ?" አሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

"ጋሼ፣ የሚሰማ ነገር የለም። አልታመምኩም።"

"ሙክቱ ለሰደቃ ነው። ዱዓው እዚሁ ይደረጋል። ባንኮክ አትሄጂም። ሞት የአላህ ነው፣ ግን እኔ ከማላውቀው አገር ሳጥን አልቀበልም።"

እንዲህ ካሉ በኋላ የሚጨመር የለም። ያለ እሳቸው ፈቃድ አልሄድም፤ ለጤነኛ ሰው ደግሞ ፈቃድ ለመስጠት መጀመሪያ ጤነኛ መሆኔን ማመን ነበረባቸው።

ማታ ልጄ ከሥራ ወጥታ ከኮምቦልቻ መጣች። አጎቷ አጠገብ ተቀምጣ የከተማውን ፎቶ በስልኳ ታሳያቸው ጀመር። ረጅሙ ፎቅ ላይ ሲደርሱ እጇን ያዙ።

"ሆስፒታሉ ይሄ ነው?"

"አይደለም አጎቴ። ላዩ ላይ ወጥተን የምናይበት ነው።"

"ምን ልታዩ?"

"ከተማውን።"

"ከታች ሆኖ አይታይም?"

"ከላይ ሁሉም ይታያል።"

ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ልጄ፣ እናትሽ አስምላሽ ከሆነ መሐላውን እኔ አነሳልሻለሁ። ምኗን ነው?"

ልጄ ስልኳን አጥፍታ ወደ ጓዳ ገባች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ አልለየሁም። ሁለቱንም ነበር።

በማግስቱ ከጁምዓ በፊት ወንድሜ ተነሽ አሉኝ፤ ሆጤ ያለ አንድ ክሊኒክ ይዘውኝ ሄዱ። በእግር ነው የሄድነው። ዳገቱ ላይ "ትንሽ ትረፊ" እያሉ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ሐኪሟ ወጣት ልጅ ናት።

"ምን ልርዳችሁ?" አለች።

"ባንኮክ ልትሄድ ነው" አሉ ወንድሜ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። "ውይ እናቴ፣ ምንዎትን ነው?"

አንቺም? አልኩ በልቤ። ደሜን ወሰዱ፣ ሽንቴን ወሰዱ፣ ልቤን አዳመጡ። ቆይታ ውጤቱን ይዛ መጣችና ስኳሬም፣ ግፊቴም፣ ኩላሊቴም ደህና መሆናቸውን ነገረችን።

"እንደገና ይታይ" አሉ ወንድሜ።

"አባቴ፣ እሳቸው ደህና ናቸው። እርስዎ ግን ላብ በላብ ሆነዋል፤ እስቲ ክንድዎን ይስጡኝ።"

አንዴ ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ግፊታቸው በጣም ከፍ ማለቱን፣ ከዛሬ ጀምሮ ክኒን እንደሚወስዱ፣ ጨውና ጮማ እንደሚተዉ፣ በሳምንቱ ተመልሰው እንደሚታዩ ነገረቻቸው።

"እኔ? እኔ እኮ ምንም አይሰማኝም። ወላሂ አፊያ ነኝ!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው ጋሼ" አልኳቸው። "እኔን ይደብቁኛል?"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሟም ሳቀች። ወንድሜ አልሳቁም።

ስንመለስ ግን ሳቄ ጠፋ። ወንድሜ እስኪታዩ ድረስ የሚሰነብቱት እኔ ቤት ነው፤ የመሄጃችን ቀን ደግሞ ከቀጠሯቸው በፊት ነው። ታማሚ ቤቴ አስተኝቼ ከተማ ለማየት አልሄድም። ፓስፖርቴን ሳጥን ውስጥ መልሼ ለልጄ ደወልኩላት።

"ቀርቻለሁ" አልኳት።

"እሺ እማ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ጠያቂው የታማሚውን መቀየር የሰማው ከእኛ እኩል ነው። ብርቱካኑ ከእኔ ወደ ወንድሜ ዞረ። እሳቸውም መከዳ ላይ ተደግፈው በሽታቸውን ያወሩ ጀመር። አፊያ ነኝ ያሉት ሰውዬ በሁለተኛው ቀን ራሳቸው እንዴት እንደሚዞር፣ ጆሯቸው እንዴት እንደሚጮህ ለመጣው ሁሉ ይነግራሉ። ሙክቱ ታረደ፤ ሰው በላ፣ ዱዓ ተደረገ። ለእሳቸው ከሙክቱ የደረሳቸው ሽታው ነው። ጎረቤቴ ጸበሉን ከመስኮቱ አንስታ አጠገባቸው አስቀመጠችው።

"ጨው የሌለው ሽሮ እኔ እሠራልዎታለሁ" አለቻቸው። "ሥጋ የለበትም፤ ይበሉታል።"

"ጨው የሌለው ሽሮ ምን ይባላል?"

"መድኃኒት ይባላል አባቴ። ዝም ብለው ይብሉ።"

በሉ። ፊታቸውን አጨማደው ጨረሱት። ማግስቱንም ይዛ መጣች።

በሦስተኛው ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ጠሩኝ።

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ቀርቻለሁ እኮ ጋሼ።"

"ማን ቅሪ አለሽ?"

"እርስዎ።"

"እኔ ያልኩት ለታመመችው ነው። አልታመምሽም አይደል?"

"አልታመምኩም።"

"እንግዲያ ሂጂ። ክኒኔን ራሴ እውጣለሁ፤ ለምግቡም ይቺ ሴትዮ አለች፣ አላህ ይስጣት። ደግሞ አንቺ እዚህ ከቀረሽ ግማሹ ጠያቂ አሁንም ወዳንቺ እየሄደ ያስቸግራል።"

እጃቸውን ሳምኩ። ጓዳ ገብቼ ሁለት ረከዓ ሰገድኩ። ቀጥሎ ለልጄ ደወልኩ። ስትጮህ የፋብሪካው ሰው ሁሉ ሳይሰማት አልቀረም።

የመሄጃችን ጠዋት መኪናው በር ላይ ቆመ። ልጄ ሻንጣውን ስትጭን ወንድሜ በምርኩዝ ወጡ። ምርኩዝ ከመቼ ጀምሮ እንደያዙ እንጃ። ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ እኛም ዘረጋን። ከዚያ እጃቸውን መልሰው አወረዱ።

"ምነው ጋሼ?"

"ለታማሚ የሚባለውን አውቃለሁ" አሉ። "ለመንገደኛም አውቃለሁ። ግን መንገዱ ሲያልቅ ፎቅ ላይ ቆመሽ ልታዪ ነው። ለሱ ምን ይባላል?"

"ላሉት ሁሉ እኔ አሚን እላለሁ።"

ወደ ጦሳ ተራራ ትንሽ ተመለከቱ። ጠዋቱ ጉም አልነበረበትም።

"አላህ ያማረ ነገር ያሳይሽ" አሉ። "አይተሽም ዓይንሽ ይጥገብ።"

"አሚን" አልኩ።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ የሽሮውን ድስት እንደያዘች አንገቷን አወጣች። "አሜን! ደግሞ ከዚያ ከምትደብቂን ነገር እሱ ይማርሽ!"

ለእሱም አሚን አልኩ።