ነክቶት የማያውቀው ካርድ

ደምመላሽ ቦንጋ ውስጥ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሱቁ ከገበያው ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከባጃጅ መቆሚያው ፊት ለፊት ነው። እጁ የተባረከ ነው፤ ዝናብ የገባበት ላፕቶፕም ሆነ በቢሮ አቧራ የታፈነ ፕሪንተር እሱ ዘንድ ደርሶ ሳይነሳ የቀረው ጥቂት ነው። አንድ አመል ግን ነበረበት። «አላውቅም» ማለት ለሱ ሞቱ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ጨዋታ አለ። የቢሮ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረው ሁሉ ተሰብስቦ ስለ ግራፊክስ ካርድ፣ ኮምፒውተሩ ምስል ስለሚሠራበት ዕቃ፣ ይከራከራል። አሁን ገበያ ላይ ያለው ይሻላል ወይስ ሊወጣ ነው የተባለው? ሬይ ትሬሲንግ የሚሉት ነገር ከመጣ ወዲህማ ክርክሩ ጦፏል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ብርሃንን ዝም ብሎ እንደ ቀለም አይቀባውም፤ ጨረር በጨረር ይከተለዋል። በመስኮት ሲገባ፣ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ሲመለስ፣ የተወለወለ ወለል ላይ ሲያርፍ እያሰላ ያሳያል። ለዚህ የሚበቃው የትኛው ካርድ እንደሆነ ደምመላሽ እንደ ዳኛ ይፈርድ ነበር። «ይሄ ዝግጁ ነው። ያ ስም ብቻ ነው። ያኛው ገና ነው» ይላል። የሚያወራው ሁሉ ከስልኩ ቪዲዮ የተለቀመ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ካርድ በእጁ ይዞ እንኳ እንደማያውቅ ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቅዳሜ ፀደንያ መጣች። የሕንፃ ንድፍ እየሠራች የምትኖር ወጣት ናት። ዋጫ ከተማ ያለች አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አዲስ የጸሎት አዳራሽ ልትሠራ ነው፤ ንድፉን ለፀደንያ ለመስጠት ታስቧል። አሮጌው አዳራሽ ጨለማ ስለሆነ መብራት በጠፋ ቁጥር መጽሐፍ አያስነብብም። ስለዚህ የአጥቢያዋ ሽማግሌዎች ውሉን ከመፈረማቸው በፊት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ብርሃኑ በመስኮቶቹ እንዴት እንደሚገባ በዓይናችን እንይ ብለዋል።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ አዲስ አበባ አንድ ያገለገለ ካርድ ተገኝቶልኛል። ሜሞሪው ስድስት ጊጋ ነው። እሱን ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪወጣ ልታገሥ?» አለች።

ዮናታን ቀደመው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምር ዝምተኛ ሰው ነው። «ካርዱ ሬይ ትሬሲንግ ይችላል፤ ሜሞሪው ግን ትንሽ ነው። ሙሉ አዳራሽ ከፍተሽ ውስጡን እያዞርኩ ላሳይ ካልሽ መሐል ላይ ይቆምብሻል። ከቻልሽ ቆዪ» አላት።

ደምመላሽ ሳቀ። «መምህር፣ ያንተ ከወረቀት ነው፤ የኔ ከእጅ ነው። ይሄን ካርድ ስንት ጊዜ ገጥሜዋለሁ! ግዢው እህቴ፣ በኔ ይሁንብሽ።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ዮናታን ቀና ብሎ አየውና መልሶ አቀረቀረ።

ካርዱ መጣ፣ ደምመላሽ ገጠመው። ለሱ የመጀመሪያው ነበር። ከንድፉ አንድ ክፍል ብቻ ከፍተው ሲሞክሩት አምሮ ሠራ። ፀደንያ ሙሉውን አዳራሽ እንሞክር ብትል «አያስፈልግም» አላት።

ዋጫ አብሯት ሄደ፤ ኮምፒውተሩን ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ አቅፎ። ሽማግሌዎቹ ስድስት ነበሩ፤ ሰብሳቢያቸው ጋሽ አሞጽ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ፀደንያ የአዳራሹን ንድፍ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። በሩ ታየ፤ ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሊያርፍ ሲል ምስሉ ተንገጫግጮ ቆመ። ስክሪኑ ጠቆረ። እንደገና አስነሳችው፤ እንደገና ጠቆረ። በሦስተኛው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ በአካባቢው ቋንቋ በካፊኖኖ የሆነ ነገር አለው፤ ሁለቱም ፈገግ አሉ።

«ይሄን ዕቃ ማነው የመረጠልሽ?» አሉ ጋሽ አሞጽ። ቁጣ የለባቸውም፤ ለማወቅ ነው የጠየቁት።

ደምመላሽ ከኋላዋ ቆሞ ገመድ ይጠቀልል ነበር። አጎንብሶ መጠቅለሉን ቀጠለ።

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ። ሳላጣራ ገዛሁት» አለች ፀደንያ።

የሳምንት ቀጠሮ ሰጧት። ከዋጫ እስከ ቦንጋ እሷ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች፣ እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን ኮምፒውተር። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ሲወርዱ «ስለደከምክልኝ አመሰግናለሁ» አለችው።

ሁለት ቀን ሱቁን አልከፈተም። ለሚስቱ ለዙፋን አሞኛል አላት። በሦስተኛው ቀን እውነቱን ነገራት።

«ለኔ ምን ያደርግልኛል? መስማት ያለበት ሌላ ሰው አይደል እንዴ?» አለችው።

ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ዮናታንን ጠበቀው። «ያን ካርድ ነክቼው አላውቅም ነበር» አለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም።

«ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈለግሁም። አንተን አድናለሁ ብዬ እሷን አዋረድኳት። እኔም ያው ነኝ።»

ተያይዘው ፀደንያ ዘንድ ሄዱ፤ ደምመላሽ ለዮናታን ያለውን ለሷም ደገመላት። ዮናታን መላ አመጣ፤ ተንቀሳቃሹ ምስል ይቅር፣ ወንበሮቹና ዛፎቹ ከንድፉ ይውጡ፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ አንድ ቆሞ የሚታይ ምስል ይውጣ። ካርዱ እያቃሰተም ቢሆን ያን ቻለ። ፀደንያ ሥራዋን ሠራች፤ ደምመላሽን ከሚያስፈልገው ቃል በላይ አላነጋገረችውም።

በቀጠሮው ቀን ምስሎቹ ሳይከፈቱ ደምመላሽ ተነሳ። «ባለፈው ዕቃውን ማን መረጠው ብላችሁ ነበር። እኔ ነኝ። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አስገዛኋት። ስትጠይቁም ከኋላዋ ቆሜ ዝም አልኩ።»

«ዕቃውን አለማወቅህ ምንም አይደል፤ እኛም አናውቀውም። ልጅቷ ስታፍር ዝም ማለትህ ነው የከበደኝ» አሉት ጋሽ አሞጽ።

«ልክ ነዎት» አለ።

ሽማግሌዎቹ ምስሎቹን አዩ። የምሥራቁ መስኮቶች ከፍ ይበሉ፣ ጠዋት ብርሃኑ የምእመኑን ዓይን ይወጋል አሉ። ሥራው ለፀደንያ ተሰጠ።

ቅዳሜ ደረሰና ደምመላሽ ያንኑ ለጨዋታ ጓደኞቹ ተናገረ። አንዱ ሳቀ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ዮናታን ግን ይመጣል፤ ክርክሩም አልቆመም። ፀደንያ በባጃጅ ስታልፍ እጇን ታነሳለች፣ ደምመላሽም ያነሳል፣ ፊቱ ግን ዛሬም ይቀላል። አዳራሹ ጣሪያ ለብሷል ይባላል። እሱ ግን ከዋጫ የጥገና ሥራ ሲመጣለት ሽማግሌዎቹን ላለመጋፈጥ ሄዶ አይሠራም፤ ዕቃውን ቦንጋ ድረስ ላኩልኝ ይላል።