አያቴ የት ተቀበረ?

በቤታችን የአባቴ አባት ታሪክ አጭር ነበር። በሬ ሊነግድ ቆላ ወረደ፤ ወባ ገደለው፤ እዚያው ቀረ። ልጆች ሳለን ከዚያ በላይ የጠየቀ ከአባቴ የሚያገኘው ዝምታ ነበር። ዝምታው ከቁጣው ይብስ ስለነበር መጠየቁን ተውነው።

መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነበርኩ። እዚያው ከሚያስተምር አንድ የአማኑኤል ከተማ ልጅ ጋር ተዋደድንና ሽማግሌ ላከ። አባቴ አምበር አጠገብ ባለው ቤታችን ጠላ አስጠምቆ፣ ጎረቤት ጠርቶ ጠበቃቸው። ዝምድና እንዳይኖረን እንደ ወጉ ትውልድ መቁጠር ተጀመረ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባቴ የአባቱን ስም ሲጠራ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቋረጡት።

«እርሳቸው የት ነው ያረፉት?»

«ቆላ። ወባ ነው።»

«አፈራቸው የት ነው ማለቴ ነው።»

«እዚያው ነዋ! ማን ያመጣዋል?»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። ጠላቸውን ግን ሳይጨርሱ ተነሡ። በሳምንቱ «ነገሩ ይቅር» የሚል መልእክት መጣ። ልጁን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አግኝቼ ስጠይቀው ዓይኑን ከወለሉ ላይ ሳያነሣ፣ «ቤተሰቦቼ ዘር አጣርተው ነው። እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቆ ሄደ።

አባቴ ደግሞ «ዕድልሽ አይደለም» ብሎኝ ወደ እርሻው ወጣ።

የምጠይቃት አክስቴ ብቻ ነበረች። የአባቴ ታላቅ እህት ነች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ጉንደ ወይን ከተማ ጨውና በርበሬ እየሸጠች ብቻዋን ትኖር ነበር። ስደርስ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«እትዬ፣ አያቴ ምን አድርጎ ነው?»

«ምንም አላደረገ። ታመመ።» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «መጀመሪያ ፊቱ ላይ ወጣበት፤ ከዚያ ጣቶቹን ጀመረው። ሥጋ ደዌ ነው አሉ። እናቴ ጓዳ ደበቀችው። ወንድሞቹ መጥተው ‹ልጆችህን ማን ያገባቸዋል?› አሉት። በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ አብሮ ወጣ። ከዚያ ቆላ ሞተ ተባለ፤ ተለቀሰለት።»

«በሕይወት እያለ?»

«ተዝካሩም ወጣ እኮ! በሬ ታርዶ፣ ካህናቱ ዳስ ውስጥ፣ ነዳያኑ አጥሩ ሥር። ለነዳያኑ የማድለው እኔ ነበርኩ። አንዱ ፊቱን በጋቢ ተሸፍኗል። ጋቢውን አወቅሁት፤ ጥጡን እናቴ ናት የፈተለችው። ቀና ብዬ ዓይኑን ሳየው አባቴ ነው።»

«ምን አልዎት?»

«‹ዝም በይ ልጄ፤ ጨምሪልኝ› አለኝ። ጨመርኩለት።»

አንድ በርበሬ አንሥታ ቀነጠሰች። «ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። አፌን በመዳፏ ያዘችና ‹አባትሽ ሞቷል› አለችኝ። ተመልሼ ስወጣ ሄዷል።»

«አባባ ያውቃሉ?»

«ኋላ ነገርኩት። አንድ ጊዜም አባትሽ አባታችንን አማኑኤል ገበያ ላይ አይቶት መንገድ ቀይሯል። ከራሱ አፍ ነው የሰማሁት።»

«እርስዎስ ሄደው ጠይቀውት ያውቃሉ?»

«ባል ነበረኝ። ምን ብዬ እሄዳለሁ?»

በሌላ ሳምንት ዳቦ ጋግራ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጣችና አብረን በአውቶቡስ ወደ አማኑኤል ሄድን። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ጠበል አለ፤ ሕሙማኑ ድሮም የሚሰበሰቡት እዚያ ነበር። ደጃፉ ላይ ከተቀመጡት አንዲት አሮጊት የአያቴን ስም ስንነግራት ቶሎ አላወቀችውም። አክስቴ በሬ ነጋዴ እንደነበር ጨምራ ስትነግራት ሳቀች።

«በሬ ባለፈ ቁጥር ዋጋ የሚቆርጥለት ሰውዬ! እሱን ነው? እኛ ነን የቀበርነው።»

«ስለ ልጆቹ ያነሣ ነበር?» አለች አክስቴ።

«ልጅ የለውም። ‹ቆላ ወስጃቸው ወባ ፈጀብኝ› ነበር የሚለን። እናንተ ምኑ ናችሁ?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ «የአገሩ ሰዎች ነን» አልኩ።

መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ተዳፋቱ ላይ ነበር አለችን። አሁን ባሕር ዛፍ ተተክሎበታል። የትኛው ዛፍ ሥር እንደሆነ እሷም አታውቅም። አክስቴ በዛፎቹ መካከል ትንሽ ከተንከራተተች በኋላ ተመልሳ ዳቦውን ለሕሙማኑ አደለች። አሮጊቷ ድርሻዋን በሁለት መዳፏ መካከል ይዛ፣ «ዛሬ እኮ ይህ በሽታ ኪኒን አለው፤ በነፃ ነው የሚሰጡት። እኔም ድኛለሁ ብለውኛል» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን ወደ አገርዎ አይመለሱም?»

«ማን ጋ?»

በመልሱ ጉዞ አክስቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች አንድ ቃል ብቻ ተናገረች። «ይበለን።»

እኔ በቀጥታ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አጥር ያጥር ነበር። ጠበሉን፣ አሮጊቷን፣ ባሕር ዛፉን፣ አያቴ ስለ ልጆቹ ይለው የነበረውን ሁሉ ነገርኩት። መዶሻውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። ያለቅሳል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«እዚያ ስትሄዱ ሰው አይቷችኋል?» አለኝ።

«አባባ፣ አባትዎ ናቸው እኮ!»

«ሰው አይቷችኋል ወይ ነው ያልኩሽ። ታናሽ እህትሽ ገና አላገባችም።»

«ማንም አላየንም» አልኩት። መዶሻውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ።

እህቴ በኋላ አዲስ አበባ ሄዳ ትውልድ የማያስቆጥር ሰው አገባች። ለእኔ ሽማግሌ የላከ ሌላ ሰው የለም። አባቴ እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ እየሄድኩ እጠይቀው ነበር። ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አውርተን እንለያይ ነበር።